በነጭ ሽንኩርቴ ላይ ያረፈው ጣሪያ

ደግ ሥራ መሥራት ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ተረጂውን ማስፈቀድ ነው። ያልለመናችሁን ሰው ለመርዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ሌባ ካላደፈጣችሁ አይሳካም። ይህን ያስተማረኝ ባለቤቴ አየለ ነው፤ ነፍሱን ይማርና፣ የቀበርነው በዚህ ዓመት ነው። ቄስ የነበሩት ወላጅ አባቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግም ነበር፤ እኔ ግን ይኸው የጎረቤት ጣሪያ ታሪክ እጽፍበታለሁ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ጊዜ ነው። ፎገራ ሩዝ የሚባለውን ገና በስሙም አያውቀውም፤ ሜዳው የከብትና የጓያ ነበር። የምንኖረው ቁሐር ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ትንሽ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው። ከእኛ በታች፣ ሜዳው ላይ፣ እማሆይ ጥሩዬ የሚባሉ ልጅ ያልወለዱ አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር የርብ ወንዝ ይሞላና ውሃው ከመደባቸው ሥር ይገባል። ያለፈው ክረምት የጀመራቸው ሳል እስከ ጥቅምት አልለቀቃቸውም። አንድ ክረምት እዚያው ከደገሙ እንደማይነሡ ሁላችንም እናውቃለን።

አየለ ወደ ግቢያችን እንዲወጡ ቢለምናቸው፣ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መትተው "የሰው ጓሮ ጥገኛ ሁኜ ከምሞት ዓሣ ይብላኝ" አሉት። የንስሐ አባታቸው፣ የሚካኤሉ ቄስም ሄዱ፤ "አባቴ፣ እርስዎ ኃጢአቴን ይስሙ እንጂ ቤቴን አይዩብኝ" ብለው መለሷቸው። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ፈቀዱ፤ ጣሪያቸው ተነሥቶ እዚያው በገዛ መሬታቸው፣ ከፍ ትላለች ወደምትባለው ጥግ እንዲዛወር። ከፍታዋ የተኛ ውሻ ብታህል ነው። ውሃው እዚያም ይደርሳል፤ ልዩነቱ ቁርስ ላይ ይደርስ የነበረው ምሳ ላይ መድረሱ ነው።

ለማያውቅ ልንገር። የሣር ቤት ሲዛወር ጣሪያው ከነክዳኑ ከግድግዳው ላይ ይነሣል። ጎበዛዝቱ ከሥሩ ገብተው በትከሻቸው ይሸከሙታል፤ ግድግዳው በኋላ አዲሱ ቦታ ላይ ይሠራለታል። ከውጭ ለሚያየው ጣሪያው እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ከሥር ያሉት ከገዛ እግራቸው በቀር የሚያዩት የለም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ "ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ጉድጓድ አለ" እያለ ይመራቸዋል። የዚያን ቀን መሪው ማን ይመስላችኋል?

ሰኔ ሊገባ ነው፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ያኔ ለደቦ ሲጠራ "ምን አገኛለሁ?" የሚል ሰው አልነበረም፤ ጠላውን እንኳ ለእማሆይ ጎረቤት ነበር የጠመቀላቸው። እርሳቸውን ቄሱ ለንስሐ ብለው ቤተ ክርስቲያን ይዘዋቸዋል። ንስሐው የዚያን ቀን ለምን እንደረዘመ እንጃ። እኔ ደጃፌ ላይ ጓያ እለቅማለሁ። ቀና ብል ጣሪያው ያቺን ጥግ አልፎ፣ ታጥፎ፣ ቀስ እያለ ወደ እኛ ይወጣል።

"አንተ አየለ፣ ወዴት ነው?" ብዬ ጮህሁ። "ዝም በይ፣ ሰዎቹ ይደነግጣሉ" አለኝ። ከጣሪያው ሥር የአያ መኮንን ድምፅ "ኧረ ደረስን ወይ? አንገቴ እኮ ትከሻዬ ውስጥ ገባ!" ይላል። ሌላው "አንተ ድሮስ አንገት ነበረህ?" ይለዋል። ሳቃቸው ክዳኑን ያርገበግበዋል። አየለ አጥሬን ከፈተ፤ ጣሪያው ገባ፤ ከጉድጓድ ውሃ እየቀዳሁ ካሳደግሁት የነጭ ሽንኩርት መደብ ላይ ሲደርስ "አውርዱ!" አለ። ሰዎቹ ወጥተው ዙሪያቸውን አዩና ባንድ ድምፅ "ውይ!" አሉ።

እማሆይ መጡ፤ ጣሪያቸውን ሲያዩ ምርኩዛቸውን አነሡ። "አሁኑኑ መልሱልኝ!" አሉ። ያኔ አየለ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ጣሪያ አንዴ መሬት ከነካ በዚያ ዓመት ዳግመኛ እንደማይነሣ፣ ቢነሣም ያነሡትን ሰዎች ዕድሜ እንደሚያሳጥር ተናገረ። እንዲህ ያለ ነገር በፎገራ ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ሁሉም ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄሱ ሰማዩን አይተው "እህ" አሉ። መቼም "እህ" ማለት ውሸት አይደለም። ዝናቡም ጀመረ።

እኔ ግን ሰፈሩን በጩኸት ቀወጥሁት። ነጭ ሽንኩርቴን! ድካሜን! እማሆይ ንዴቴን ባዩ ጊዜ ፊታቸው በረደ፤ እንዲህ የሚጮኽ ሰው ባለበት ግቢ ነገሩ መቼም ታስቦ አልተደረገም ብለው አመኑ። "እንግዲያስ ለአንድ ክረምት" አሉ።

ያቺ አንድ ክረምት እስኪያርፉ ድረስ ቆየች። ሳሉም አልተመለሰባቸውም። ውሃው ወደ ወረታ የሚወስደውን መንገድ በዘጋበት ነሐሴ ምጥ ሲይዘኝ፣ ሁለተኛ ልጄን የተቀበሉልኝ እርሳቸው ናቸው። አየለን ግን በዚያ ሽንኩርት ዕድሜ ልኩን ወቀስሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ "ሰው ይሳሳታል፣ ዓለምዬ" ይለኝ ነበር።

በአየለ ለቅሶ ሰሞን አያ መኮንን መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያ ስሕተት ስሕተት እንዳልነበረ፣ ከዋዜማው ሁሉም ከቄሱ ጋር ተማክረው እንደነበር ነገሩኝ። "ላንቺ ግን እንዳንነግርሽ አስምሎን ነበር፤ ለሽንኩርቷ ትሞታለች ብሎ" አሉኝ። እኔም "ኧረ በሉ!" አልኋቸው፤ ደስ እንዲላቸው።

እናንተ ግን እወቁት። የገዛ ባሌን አላውቀውምን? በዋዜማው አመሻሽ ላይ የነጭ ሽንኩርት መደቤን ስፋት በእርምጃ ሲለካ በበር ቀዳዳ አየሁት። ጠዋት ለደቦው ሰው ሊጠራ እንደወጣ፣ ነጭ ሽንኩርቱን አንድ ሳላስቀር ነቀልሁና ጎተራው ሥር ደበቅሁ፤ ቅጠሉን ቆርጬ መልሼ መደቡ ላይ ሰካሁት። ጣሪያው ያረፈው ቅጠል ላይ ነው። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ሞት ቀደመኝ።

ያን ክረምት ወጡን እየበላ "ይሄ ነጭ ሽንኩርት ከየት መጣ?" ይለኛል። "መንገዱ ሳይዘጋ ከወረታ ገበያ የገዛሁት ነው" እለዋለሁ። አንድ ሁለቴ ያላምጥና፣ ጥፋቱን እንደሚክስ ሰው በሐዘን እያየኝ፣ "እንደ እኛው አይጣፍጥም" ይለኝ ነበር።