የሯጭ አባት ድርሻ

ቅናት ቪዛ አይጠየቅም። እኔ አሜሪካ ለመግባት አሻራ ሰጥቼ፣ ደሜን ተመርምሬ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ቆሜያለሁ፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይሰለፍ አብሮኝ ገባ። አገር ቤት ገበሬ ሳለሁ በጎረቤቴ በሬ እቀና ነበር። አሁን በምኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በሬ ስለሌለ በሰው ልጅ እቀናለሁ። እናንተ አትቀኑም እንበልና ልቀጥል።

የምቀናበት ልጅ ናታን ይባላል። አባቱ ታደሰ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ነው የሚኖረው፤ የምንገናኘው እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ናታን ለኮሌጁ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ቁመቱን ከማን እንዳመጣው እግዜር ይወቅ፤ ታደሰ ከኔ ትከሻ አያልፍም። ድሮ የኮሌጅ ስፖርተኛ የሚያገኘው ትምህርቱንና ምግቡን ብቻ ነበር አሉ። አሁን ሕጉ ተለወጠና ናታን ከአንድ መኪና ሻጭ ጋር ለማስታወቂያ በገንዘብ ተፈራረመ፤ ቤት የሚያክል ፎቶውም አውራ ጎዳናው ዳር ተሰቀለ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ጥርሱን አውጥቶ ይስቅብኛል።

ታደሰ ጉባኤ ፊት ቆሞ መሰከረ። ጌታ ልጄን ባረከልኝ አለ። ሁላችንም አሜን አልን። የኔ አሜን ትንሽ ዘግይታ ወጣች።

የኔም ልጅ ሳራ የኮሌጅ ስፖርተኛ ናት፤ ረጅም ርቀት ትሮጣለች። ችግሩ፣ ሩጫ ከወላጅና ውሻውን ከሚያናፍስ መንገደኛ በቀር የሚያየው የለም። ማንም የማያየው ሰው ደግሞ መኪና አያሻሽጥም። ስለዚህ ከአምልኮ በኋላ ወንዶቹ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ይዘው፣ እነዚህ ልጆች ሊከፈላቸው ይገባል ወይስ አይገባም ብለው ሲከራከሩ፣ ዓመት ሙሉ የማልናገረው ሰውዬ ተናገርኩ። ተማሪ ይማር እንጂ ገንዘብ ምን ያደርግለታል አልኩ። አስተዋይ ሰው ነው ተባልኩ። ባለቤቴ አስቴር ግን መኪና ውስጥ እስክንገባ ጠበቀችኝ።

"የተከፈላት ሳራ ብትሆን ኖሮ እንዲህ ትል ነበር?"

መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። በረዶ የሚጥልበት ክረምት ነበር፤ ግን ሞቆኝ ነበር።

ሐሳቤን የለወጠው አንድ ጥፍር ነው። በቀጣዩ ዓመት ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ሳራ በርክ በምትባል ከተማ አጠገብ አንድ ሐይቅ ዳር ውድድር ነበራት። ጭቃ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከመካከል ገባች። ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታወልቅ፣ የአውራ ጣቷ ጥፍር ጠቁሮ ሊነቀል ደርሷል።

እኛ አገር በሬ የሌለው ጎረቤት በሬዬን ወስዶ ያርስበታል። ሲመልስልኝ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ጫንቃውን ነው፤ ቀንበሩ አቁስሎት እንደሆነ። አዝመራ ሲገባም ከእህሉ ይሰፍርልኛል። ይህን ለማወቅ እኔ ካቋረጥኩት አራተኛ ክፍል ማለፍ አያስፈልግም። ኮሌጁ በልጄ እግር ስሙን ያስጠራል፤ እግሯ ቆስሎ ይመለሳል፤ የሚሰፈር ነገር ግን የለም። ይኼ ምን ዓይነት ጎረቤት ነው?

ተነሥቼ ወደ አሰልጣኟ ሄድኩ። ረጅም ሴት ናት፤ የቡድኑ ስም የተጻፈበት ኮፍያ አድርጋለች። እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ ስለማያልፍ ሳራ እያነከሰች ተከተለችኝ።

"በያት፤ በሬ የወሰደ ሰው አዝመራ ሲገባ ይሰፍራል። ጫንቃው ከቆሰለም ይጠየቃል። በያት።"

"አባዬ፣ ፕሊስ።"

"በያት አልኩሽ።"

ሳራ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። አሰልጣኟ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ኮፍያዋን አውልቃ እኔ ራስ ላይ ደፋችልኝ።

ክፍያ ጠይቄ ኮፍያ ተሰፈረልኝ።

ስንመለስ ሳራን ለአሰልጣኟ ምን እንዳለቻት ጠየቅኳት። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ ዝም ስላት ወደ አማርኛ መጣች።

"በሬውን አልነገርኳትም። በሬ ነሽ ልትለኝ ነው እንዴ፣ አባዬ?"

"እና ምን አልሻት?"

"የሌሎቹ ወላጆች ሰዓቱን ነው የሚያዩት፤ አባቴ እግሬን ነው የሚያየው አልኳት።"

ኮፍያዋን እስከ ቅንድቤ ዝቅ አደረግኳት።

በሚቀጥለው እሁድ ኮፍያዋን አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ታደሰ ከሩቅ አያት።

"ወንድም ዘለቀ፣ ይቺን ከየት ገዛሃት?"

አልገዛኋትም፤ አሰልጣኟ ከራሷ ላይ አውልቃ ሰጠችኝ አልኩት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ላይ ስለሚውል የናታንን ጨዋታ ገብቶ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። አሰልጣኙም በመልክ አያውቀውም። ልጁ ውሉን የሚዋዋልለት ወኪል አለው፤ ለወሬም ቢሆን ለታደሰ የሚደውለው ወኪሉ ነው።

"ልጄን የማየው እንዳንተው ነው" አለኝ፤ "አውራ ጎዳናው ላይ።"

ይህን ሲል ዓይኑ ከኮፍያዋ አልተነቀለም። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ። የኔ ነበረች።

እንግዲህ ይከፈላቸው ወይስ አይከፈላቸው ካላችሁኝ፣ ይከፈላቸው፤ ጥፍሯ ለሚነቀልባትም ጭምር። ለታደሰም አዝኜለታለሁ፤ ከልቤ ጸልዬለታለሁ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ የምቀመጠው ከሱ ጎን ነው። ጸሎት ሲጀመር ኮፍያዬን አወልቃለሁ። ጉልበቴ ላይ ሳስቀምጣት ግን ጽሕፈቷን ወደ እሱ አዞራታለሁ።