በቮልሷ ቦታ የቆመው ሰውዬ

ሰው ሰፈሩን የሚያበላሸው መቼ መሰላችሁ? ላሳምረው ብሎ የተነሳ ዕለት ነው! አትሳቁ... እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም የብሎካችን አስዋቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ፤ የምለውን አውቃለሁ።

ብሎካችን መግቢያ ላይ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ነበረች። ጎማ የላት፣ መስታወት የላት፣ ባለቤቷም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ድመት ወልዳባታለች። ጎረቤታችን አበራሽ ጥላዋ ሥር ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ጣሪያዋ ላይ ደግሞ በርበሬዋን ታሰጣለች። እኔ ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል! ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቼ ዓርብ ዕለት ተጎትታ ስትሄድ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

"ጋሼ፣ ጉድ ሠሩን!" አለችኝ አበራሽ። "ሰዉ አሁን በምን ያገኘናል?"

"የብሎክ ቁጥር የሚባል ነገር አለ!"

"እሱን ደግሞ ማን ያነበዋል?"

ናቅኳት። እሑድ ጠዋት ለልጄ ለሜሮን ከወዳጇ ከዳዊት ሽማግሌ ሊመጣ ነበር። ልጅቷ ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አጥታ ነው የሰነበተችው። እኔም አዲሱን ሰማያዊ ሱፌን ግጥም አድርጌ ለብሼ ሶፋ ላይ ተሰየምኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ... አራት ሰዓት ሆነ... ሽማግሌ የለም! በመጨረሻ የሜሮን ስልክ ጮኸ።

"አባዬ፣ ጠፍተዋል! እዚሁ ልደታ ሆነው ቮልሷን እየፈለጉ ነው!"

"ቮልሷ ምን ታደርግላቸዋለች?"

"ዳዊት ሁሌ የሚሸኘኝ እስከ ቮልሷ ነዋ! አንተን ፈርቶ ከዚያ አልፎ አያውቅም። ለእነሱም ያንኑ ነው የነገራቸው።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ተናደው ሊመለሱ ነው አሉ!"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ!

"ምን ትጎለታለህ? ወርደህ አምጣቸው እንጂ!" አለች ባለቤቴ።

"የልጅቱ አባት መንገድ ወጥቶ ሽማግሌ ሲጠራ የት አይተሻል? 'ኑ፣ ልጄን ውሰዱልኝ' ማለት እኮ ነው!"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አባት በዚያን ቀን ሥራው አንድ ነው፤ ምንም እንደማያውቅ ሰው "ምን እግር ጣላችሁ?" ማለት። ግን የልጄን ፊት ሳይ አንጀቴ አልቻለም። ወረድኩና ፀሐይ የሚሞቅ ሰው መስዬ ቮልሷ የነበረችበት ቦታ ላይ ተገተርኩ!

አበራሽ በሳቅ ፈረሰች። ወዲያው ከማዶ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ሲንከራተቱ አየችና ጮኸች። "አባቶች! ቮልሷ ተነስታለች! ሰማያዊ ሱፍ የለበሱት ሰውዬ ቦታዋ ላይ ቆመውላችኋል!"

በላብ ተጠምቀው ደረሱ። "ጌታዬ፣ የሜሮን ቤት በየት ነው?"

"በዚህ ደረጃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ።"

ትልቁ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አባቷስ እንዴት ያለ ሰው ነው?"

"ኧረ እንደሱ ያለ አስተዋይና መልከ መልካም ልደታ አላበቀለችም!"

"ይቺን ቮልስ ያስነሳውን ሰውዬስ ያውቁታል? ከጠዋት ጀምሮ እየረገምነው ነው።"

"እ... ሰፈር ለቋል!"

እነሱ በፊት ለፊቱ ደረጃ በከዘራ ሲወጡ እኔ በጓሮው ደረጃ ነፍሴ እስክትወጣ ሮጥኩ። እየሮጥኩም ገባኝ... እኔ ቆሻሻ ያልኳት ቮልስ ለካ ለአበራሽ ሱቅ፣ ለልጄ ደግሞ የፍቅር ፌርማታ ነበረች። እኛ ግን ቁጥር ብቻ ቀረን፤ እሱንም የሚያነበው የለም።

በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ።

"ምን... ምን እግር... ጣላችሁ?" አልኩ እያለከለክሁ።

ትልቁ ሽማግሌ ሱፌን ከላይ እስከ ታች አዩት። ሳል ያዛቸው። ከዚያ እንደ ወጉ ሳይቀመጡ ልጄን ለልጃቸው ጠየቁኝ።

"እንግዲህ ተመካክረን..." ስል ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። "...ተመካክረናል፤ ፈቅደናል!"

ጓዳ ውስጥ እልልታው ቀለጠ። ማን መሰላችሁ? ራሷ ሜሮን!

ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። ትልቁ ሽማግሌ ሊወጡ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"የሠርጉ ዕለት ግን አደራዎን፣ እዚያው ቦታዎ ላይ ይቁሙልን... ሙሽራው እንዳይጠፋ!"