ዲስኮ የተከለከለበት ሰርግ

ሞተ ተብሎ ተለቅሶለት፣ ተስካሩ ተበልቶ ካለቀ በኋላ በየሰፈሩ ሲዞር የሚታይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ስሙ ዲስኮ ይባላል። ሞቷል ካሉን እኮ ቆዩ! ሟቹ ግን ይኸው ዲላ ውስጥ ከአንዱ ባጃጅ ወርዶ ሌላው ላይ ሲሳፈር ይውላል። "አዲስ ዘፈን ነው" እያላችሁ ድምፁን የምታስጨምሩትን እስቲ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት፤ ከሥሩ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም የሚል በእግር የሚመታ ድራም አለ። እሱን እዚያ የተከሉት የዲስኮ ሰዎች ናቸው። ስቱዲዮ ዘግተው ገብተው ምቱን አስተካከሉ፣ ቤዙን ከጓዳ አውጥተው ሳሎን አስቀመጡት፣ ጨፋሪው ገና ሳይሞቅ እንዳይቀመጥ ዘፈኑን አስረዘሙት። እኛም ወረስን። ማመስገኑን ግን ረሳነው።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው እኔም ስላለሁበት ነው። በወጣትነቴ በአንድ የኪነት ቡድን ውስጥ ድራም መቺ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ እታገኘሁ አንድ ቀን እንኳ ሥራዬን ሥራ ብላው አታውቅም፤ "ያ ዲስኮህ" ነው የምትለው፣ አፍንጫዋን ነፍታ። ባለፈው ጥር ልጇን ስትድር፣ ሙሽራዋ "አጎቴ ካልመታልኝ" ብላ ብትለምንም እህቴ ቁርጡን ነገረችኝ።

"ከኮንጋ ድረስ የተከበሩ አማቾች ይመጣሉ። በልጄ ሰርግ ዲስኮ አይሰማም። አንተም እንደ ሰው ኮትህን ለብሰህ ቁጭ ትላለህ።"

ከፋኝ፤ አልዋሽም። አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ስትዳር እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ! ደግነቱ ተንኮል አላጣሁም። የሰርጉ ዕለት ኪቦርድ የምትጫወተው አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ ምቱም ቤዙም የሚወጣው ከዚያው ከኪቦርዷ ነው። ጠጋ ብዬ "እናት ዓለም፣ የሙሽራዋ እናት ዲስኮ አትፈልግም፤ ያንን ዱም ዱም አጥፊው" አልኳት። ትከሻዋን ነቅንቃ አጠፋችው።

ወይ ጉድ! ዘፈኑ ውሃ እንደበዛበት ገንፎ ልፍስፍስ አለ። ለመጨፈር የተነሱት አማቾች እርስ በርስ ተያዩና አንድ በአንድ ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌማ ስልካቸውን አውጥተው መነካካት ጀመሩ። እህቴ ነጠላዋን እየሰበሰበች ከተፍ አለች።

"ምን ነካችሁ? ያ ዱም ዱም የሚለው የት ገባ?"

"እሱማ ዲስኮ ነው፣ እትዬ። ከልክለሻል።"

አማቾቿን አየች። እኔን አየች። ፊቷ በርበሬ መሰለ።

"አንተ ልጅ፣ በሰው ፊት አታዋርደኝ! ተነስና ምታ!"

ድራሜ ደጅ ባጃጅ ላይ ተጭኖ እየጠበቀ ነበር፤ ምናልባት ብዬ ነው። አስገባሁት፣ መታሁት! የኮንጋ ሰዎች ድንኳኑን አነቃነቁት። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ እፊቴ መጥታ ስትጨፍር እንባዬ መጣ፤ አላፍርም። እህቴ ራሷ ትከሻዋን እየሰበቀች መሀል ገባች። እኚያ ሽማግሌ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው፣ እየዘለሉ "ኧረ ይሄ ሰው ማነው?" ብለው ጠየቋት።

"ወንድሜ ነው!" ብላ ጮኸች። "የባህል ዘፈን ሲጫወት ማን ይችለዋል!"

ላርማት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ተውኩት፤ እግሬ ሥራ ላይ ነበር።