ድንኳኑ ላይ የተሳለችው ለቀስተኛ

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል በሕልሜ የወንድም ጋሼ ጥላዬ የለቅሶ ድንኳን እንደገና ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ሐዘንተኛው ግን ራሱ ሟቹ ነበር፤ ጋቢውን ተከናንቦ ሰው ይቀበላል። ዓይነ ስውራን ጓደኞቹ ዓይናማዎቹን እጃቸውን ይዘው ያስገባሉ፤ «ቀስ፣ እዚህ ጋ ድንጋይ አለ» ይሏቸዋል። የዕድራችን ዳኛ መነጽራቸውን እንዳደረጉ በዱላ ጫፍ ተመርተው ገቡ፤ አመስግነውም አልጠገቡ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ወንድሜ ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ተረት እየተረከ ይቀዳ ነበር። እኔም እዚህም እዚያም በለቃቀምኩት ትምህርት ድረ ገጽ ጀመርኩለት፤ ሳልጨርሰው ቀደመኝ። ለአርባው ተዝካር፣ ጓደኞቹ ድምፁን እንዲሰሙ ቸኩዬ ጨረስኩት። «የጥላዬ ድምፅ» የሚል፣ ጥግ ጥጉ ክብ የሆነ አረንጓዴ ሳጥን አለው፤ ሲነኩት ይከፈታል። ችግሩ፣ የዓይነ ስውሩ ጓደኛው የጋሽ ምትኬ ኮምፒውተር ገጹን ጮክ ብሎ እያነበበ ይነግረዋል፣ እሱም በኪቦርዱ ገጹ ላይ ካለ አንድ መጫኛ ቁልፍ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የእኔን ሳጥን ግን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። አርባው ደግሞ ዛሬ ነው። ይህን ስብሰለሰል ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በሕልሜ የተዝካሩ በግ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ። «እግዜር ያጥናችሁ» አለና ከአግዳሚው ጫፍ ጀምሮ ሰዉን አንድ በአንድ ይጨብጥ ጀመር። እኔ ዘንድ ሲደርስ ዘለለኝና ከጎኔ ያለችውን ጎረቤታችንን ጨበጠ። ዞሮ መጣ፤ አሁንም ዘለለኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ በጉ ንቆኝ ነው?»

«ምን ይንቅሻል፤ አግዳሚው ላይ የለሽማ።»

ራሴን ሳይ እውነትም የድንኳኑ ሸራ ላይ ተስዬ ነበር። ቀሚሴ አረንጓዴ፣ ትከሻዬ ክብ።

«አምሮባታል ይላሉ» አለ ወንድሜ። «እኔ ምን አውቄ። ተቀመጪ ነው የምልሽ።»

ከሸራው ተላጥኩና ተቀመጥኩ። በጉ እንደገና ሲዞር ፊቴ ቆመ፤ ሰኮናውን ዘረጋልኝ።

«ማን ልበል?»

«ዘርፌ።»

«ሥራዎ?»

«የወንድሜን ድምፅ እከፍታለሁ።»

«አሁንስ ክፍት ነዎት ወይስ ዝግ?»

ይሄን አላሰብኩበትም። በጉ ሰዓቱን አየት አደረገ፤ አራጁ የመታረጃ ተራውን እየጠበቀ ነበርና።

«ንገሪው እንጂ፣ በምን ይወቅ?» አለ ወንድሜ። «እኔ እንኳ ማኩረፍሽን የማውቀው በሩን ስታላጊው ነበር።»

«ዝግ ነኝ» አልኩ። ከቀበርነው ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ደህና ነኝ ስል ነው የከረምኩት። በጉ እንደ ተራ ነገር ራሱን ነቀነቀና ደረቴን በሰኮናው ጫን አደረገው።

ነቃሁ።

ፊቴን ሳልታጠብ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለዓይን ብቻ የተቀባውን ሳጥን አንስቼ በቦታው ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እውነተኛ ቁልፍ አስቀመጥኩ፤ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑንም እንዲናገር አደረግኩት። ከዚያ ጋሽ ምትኬ ዘንድ ደወልኩ። ገጹን ሲከፍት ኮምፒውተሩ ሲያነብለት በስልክ ይሰማኛል፦ «የጥላዬ ድምፅ። ቁልፍ። ዝግ።»

«አገኘሁት» አለ ጋሽ ምትኬ፤ ተጫነው።

«ክፍት» አለ ኮምፒውተሩ።

እኔ ቅጂውን ያስገባሁት ሳልሰማው ነበር፤ አንጀቴ አልችል ብሎኝ። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። ተረቱን ከመጀመሩ በፊት አጠገቡ ያለውን ሰው ያናግራል።

«ገጹን የምትሠራው ዘርፌ ናት አልክ?» አለ። «በል መቅጃውን አጥፋው፤ ማንም አይሰማኝም።»