ቁጥር ያለው ጎራዴ

[፲፱፻፸፬ ዓ.ም.፣ ሞጣ። የቀበሌው ኪነት ቡድን ዕቃ ቤት። ዕቃ ጠባቂው ፋንታ ሁለት ጎራዴዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷል። የድሮ ዕቃ አዋቂ ነኝ ባዩ አካለ ወልድ ሬዲዮውን ሸጉጦ ከቢቸና በጠዋቱ አውቶቡስ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።]

አካለ ወልድ፦ በጣትህ አትንካው አልሁህ እኮ!

ፋንታ፦ ምን ይሆናል? ብረት አይደል?

አካለ ወልድ፦ የጃፓን ጎራዴ በጣት አይነካም! የሰው ላብ ያዝገዋል።

ፋንታ፦ ውይ! እኔ ሸንኮራ ስቆርጥበት ነው የከረምሁ።

አካለ ወልድ፦ [ራሱን ይዞ] ሸንኮራ! ለመሆኑ ከየት አገኛችሁት?

ፋንታ፦ አጎቴ ሃምሳ አለቃ ወልደ ሰንበት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኮሪያ ዘምተው ሲመለሱ ከጃፓን ያመጡት ነው። አክስቴ ውበቴ ለቲያትር አዋሰችን። ተዋናዩ መጋረጃውን ለሁለት ሲሸልተው ጊዜ፣ አንጥረኛው አምሳያውን ሠራልን። አሁን አክስቴ ዋናውን ለባሌ ተዝካር መልሱልኝ ብላለች፤ ቢጠፋ ትረግመኛለች። አምሳያውን ግን በእርስዎ ሬዲዮ እንድለውጠው ሊቀመንበሩ ፈቅዷል። አምሳያው ይኸ...

አካለ ወልድ፦ ዝም በል! አዋቂ ባለበት አላዋቂ አይመሰክርም። እኔ ለግድግዳ ጌጥ ነው የምፈልገው፤ ቢሆንም የአክስትህ እንዳይሳሳት መርምሬ ልለይልህ።

[አንዱን ጎራዴ ያገላብጣል። ዓይኑ ይፈጣል። ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥቶ ያያል። ወደ ተመልካች ዞሮ በሹክሹክታ]

ቁጥር! ሃያ ሰባት! በዓለም ጦርነቱ ጊዜ የጃፓን ፋብሪካ ለወታደር የሠራው ጎራዴ ቁጥር ተመትቶበታል ትላለች ወረቀቴ። ሰገባውም ላይ ያው ሃያ ሰባት! አዲስ አበባ ያለው ሰብሳቢ ፈረንጅ ዓይኑን ሳያሽ ይገዛኛል። [ወደ ፋንታ] አይ ፋንታዬ! ይኸ እንኳ ተራ አምሳያ ነው።

ፋንታ፦ በምን አወቁ?

አካለ ወልድ፦ ብረቱ ይናገራል። የመኪና ባሌስትራ ነው።

ፋንታ፦ [አፉን ይዞ] የምን መኪና እንደሆነም ይናገራል?

አካለ ወልድ፦ የጭነት።

ፋንታ፦ ኧረ እርስዎስ ጠንቋይ ነዎት! ይኸኛውስ? እጀታውን የያዘችውን የቀርከሃ ሽብልቅ ብነቅላት፣ ከውስጥ የዶሮ እግር የመሰለ ጽሕፈት አለበት። ዝገቱን በአመድና በሎሚ ልፈትገው ስል አክስቴ እጄን ልትቆርጠው!

አካለ ወልድ፦ [ለብቻው] የአንጥረኛ ጭረት! [ጮክ ብሎ] እሱማ የሠሪው ሊቅ ፊርማ ነው! ዝገቱም የዕድሜው ምስክር ነው፤ እንዳትነካው። ዋናው እሱ ነው፣ ለአክስትህ ስጣት።

ፋንታ፦ ይማሉልኛል?

አካለ ወልድ፦ በሞጣው ጊዮርጊስ! [ለብቻው እያማተበ] ይቅር በለኝ፣ ሰማዕቱ። [ሬዲዮውን ሰጥቶ ቁጥር ያለበትን ጎራዴ ያቅፋል።] በል ልሂድ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው።

[ፋንታ ከመሳቢያ መዶሻና የብረት ቁጥሮች አውጥቶ ሬዲዮውን በደረቱ ያስተኛል።]

አካለ ወልድ፦ ቆይ፣ ቆይ! በመዶሻ ምን ልታደርገው ነው?

ፋንታ፦ ቁጥር ልመታበት ነዋ! የኪነቱ ንብረት ሆነ አይደል? ከበሮው ሃያ ስድስት፣ ጎራዴው ሃያ ሰባት፣ እርስዎ የተቀመጡበት አግዳሚ ሃያ ስምንት...

[አካለ ወልድ ቀስ ብሎ ተነሥቶ አግዳሚውን ያያል። ሃያ ስምንት።]

አካለ ወልድ፦ ታዲያ... ጎራዴው ላይ የመታኸው... አንተ ነህ?

ፋንታ፦ በዚሁ መዶሻ። ሰገባውንም አልማርሁት። ልነግርዎ ስል ዝም በል አሉኝ። ለነገሩ ምን ሊጠቅምዎ! ሳይነገርዎ የባሌስትራውን መኪና ሳይቀር አወቁት።

አካለ ወልድ፦ ፋንታ፣ ወንድሜ፣ ተሳስቻለሁ! ዋናው ይኸ ነው... ማለቴ ያ ነው... በቃ እንቀያየር!

ፋንታ፦ በጊዮርጊስ ተምሎማ አይሆንም!

[ሬዲዮው ጀርባ ላይ ሃያ ዘጠኝን ይመታል። ኳ! ኳ!]

አካለ ወልድ፦ [አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ] ወይኔ አካለ ወልድ!

ፋንታ፦ አይዞዎት ጋሼ። ሰው ሲዋሽ ተይዞ ሲያዝን አይቻለሁ፤ እውነት ተናግሮ ሲያዝን ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።