ማን ነካው?

እንዳይነካበት የሚጠብቀው ፋይል ያለው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ካለም ገና ሥራ አልጀመረም።

የኛው ሊቀ ኤክሴል ጋሽ ካሴ ናቸው። ደብረ ታቦር ባለችው ትንሽ ቢሯችን የገበሬዎችን የማዳበሪያ ጥያቄ እንሰበስባለን። ጋሽ ካሴ የሠሩት ማክሮ የሚባል የኤክሴል ትእዛዝ አንዴ ሲጫኑት የየቀበሌውን ፋይል ከፍቶ ቁጥሩን ወደ ዋናው ፋይል ያመጣል። ደስ ሲለው ነው ታዲያ።

እንቢ ያለ ቀን ጋሽ ካሴ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ማን ነካው?» ይላሉ። የፋይል ስም የቀየረ፣ ፎልደር ያዘዋወረ ሁሉ ይመረመራል። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ፈንታነሽ እንኳ ጠረጴዛ ወልውለው ተጠርጥረዋል። «እኔ አቧራውን እንጂ ማክሮውን አላውቀውም» ብለው ማሉ።

አምና ጋሽ ካሴ ለሠርግ ወደ ገሳይ ከተማ እንደሄዱ፣ የአንበሳሜ ገበሬዎች ጥያቄ እስከ አሥር ሰዓት ካልተላከ ድርሻቸው ለሌላ ይሰጣል ተባለ። ማክሮውን ብጫነው «ፋይሉ አልተገኘም» አለኝ። ደወልኩ። ከበሮ ይደለቃል።

«ጋሽ ካሴ፣ ፋይሉ የለም ይላል።»

«ማን ነካው?»

«ማንም አልነካውም። ፍላሽ ላይ ነው የሚፈልገው።»

ከከበሮው ራቅ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አንገቴ ላይ ነው» አሉ።

ለካ መብራት እየሄደ ሲያስቸግራቸው ኮምፒውተሩን ማመን ትተው፣ ፋይሎቹን ፍላሽ ላይ አድርገው ከማተባቸው ጋር አስረውታል። ማክሮው የሚያውቀው መንገድ በጋሽ ካሴ አንገት በኩል ብቻ ነው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ የሠርግ አበባቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ በአይሱዙ ደረሱ። ማተብ አይበጠስ ነገር፣ ክሩ ደግሞ አጭር፤ ፍላሹን ሰክተው ማክሮው እስኪጨርስ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። እትዬ ፈንታነሽ «ጸሎትዎን ይቀበልዎ» ሲሉ ሳቄ አምልጦኝ ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ። ጥያቄው በሰዓቱ ሄደ፤ የአንበሳሜ ድርሻ ተረፈ።

ሰኞ ፋይሎቹን ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬ ማክሮውን ወደዚያ አዞርኩት። ጋሽ ካሴ አጠገቤ ቁጭ ብለው ፍላሹን እያሻሹ ያዩኛል።

«ጎበዝ ልጅ» አሉኝ። ፍላሹን ወደ ሸሚዛቸው ውስጥ እየመለሱ፣ «እንግዲህ አትደውሉልኝማ» አሉ።

አንጀቴን በሉት። አንድ ፋይል እዚያው አንገታቸው ላይ ተውኩላቸው፤ የዓመት ፈቃዳችንን መርሐ ግብር።

ትናንት ፈቃድ ልሞላ ብል ፋይሉ የለም። ጋሽ ካሴ ለክርስትና ወደ ሐሙሲት ሄደዋል። ደወልኩ።

«ማን ነካው?» አሉ፣ ደስታቸው በስልኩ እየተሰማኝ።

«እኔ ነኝ ጋሽ ካሴ፤ ቶሎ ይምጡ» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ፈቃድ ብወጣም የምሄድበት አልነበረኝም።