በአንዲት ፍየል ሰበብ

ሰው ስለ ዳኛ ሰፊ አስተያየት የሚኖረው እሱ ራሱ እስኪከሰስ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ዳኛው ከሰማይ ይውረድ ከመሬት ይብቀል ግድ የለውም፤ እሱን ይመነው እንጂ። እኔ ይህን ሳላውቅ ጭሮ ላይ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ።

ለአስረኛ ቢ ክፍል "ዳኛ ይሾም ወይስ ይመረጥ?" የሚል የድርሰት ፈተና የሰጠሁትም በዚሁ የዋህነቴ ነው። በበኩሌ የምርጫ ወገን ነበርኩ። ሕዝብ የመረጠው ዳኛ ማንን ይፈራል? እያልኩ በመምህራን ማረፊያ ክፍል የሰው ሻይ ሳቀዘቅዝ ነው የኖርኩት።

ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት ስልሳውን ወረቀት አልጋዬ ላይ ዘርግቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ የአከራዬ የአዴ ፋጡማ ፍየል አልጋዬ ላይ ቆማ የመጨረሻውን ድርሰት ታኝካለች። ገራባ፣ ማለትም ቃሚ የተወውን የጫት ቅጠል እየበላች ያደገች ፍየል ስለሆነች አንድ ነገር ከጀመረች ሳትጨርስ አትነሳም።

ነገሩ ለሌላው ቀልድ ነው፣ ለእኔ አይደለም። የፈተና ወረቀት የጠፋበት መምህር ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል፤ ማስጠንቀቂያ ያለበት ደግሞ ዝውውር አያገኝም። ባለቤቴ ወዳለችበት ደብረ ብርሃን ለመዛወር ስንት ዓመት ወረፋ ጠብቄ ገና ዘንድሮ ነው ተራዬ የቀረበው። ፍየል በላችው ብልስ ማን ያምነኛል? እኔው ራሴ ባለፈው ሴሚስተር ሀናን የምትባል የዚሁ ክፍል ተማሪ ደብተሬን ፍየል በላችው ብትለኝ፣ "እንግዲያው ፍየሏ ትምጣና ትመስክር" ብዬ ክፍሉን አስቄባት ዜሮ ሰጥቻታለሁ።

አዴ ፋጡማን ብጠይቃቸው፣ "ወላሂ፣ የእኔ ፍየል ወረቀት አትበላም" አሉ። እንግዲያው ግቢው ዳኛ ይምረጥና እውነቱን በጽሑፍ ይስጠኝ አልኩ። ተከራዩ ሁሉ ወጣ፣ እጅ ተቆጠረ፣ ባጃጅ ጠጋኙ ወንድም ገመቹ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። እኔም ደስ ብሎኝ እጄን አወጣሁ፤ እሁድ እሁድ ቸርች የሚዘምር፣ ውሸት የማያውቅ ሰው ነው።

ገመቹ ግራ ቀኙን ሰማ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በሩን ያልዘጋው መምህር ጥፋተኛ ነው፣ ፍየሏ ስለ መብላቷ ግን ማስረጃ የለም ብሎ ፈረደ። እሷ አጠገቡ ቆማ ታመሰኳለች። ኋላ ለብቻው ይዤው ምነው ወንድሜ ስለው አንገቱን ደፋ። "መምህር፣ የግቢው ልጆች ጠዋት ጠዋት የማንን ወተት ነው የሚጠጡት? እኔን የመረጡኝ ደግሞ እናቶቻቸው ናቸው" አለኝ። ሕዝብ ሕዝብ ስል ወተቱን ረስቼው ኖሯል።

ሰኞ የሹመት ወገን ሆኜ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሮ ማስጠንቀቂያውን ጽፈው፣ ማኅተም አሳርፈውበት በእጃቸው ይዘውታል። ሳይፈርሙበት በፊት ወተት የማይደርስበት ዳኛ ይሹሙልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም ወረቀቱን እንደያዙ አስረኛ ቢ ይዘውኝ ገቡና፣ የተበደላችሁት እናንተ ናችሁ፣ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ማንን ትሾማላችሁ ብለው ጠየቁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ሀናንን" አለ። ዳይሬክተሩም ሾሜያታለሁ አሉ።

እንግዲህ ይኸውላችሁ፣ የተሾመችም የተመረጠችም ዳኛ። ሀናን ቀስ ብላ ተነሳች።

"ቲቸር፣ እኔ አምንዎታለሁ" አለች። ልቤ ደብረ ብርሃን ደርሳ ተመለሰች። "ግን ፍየሏ ትምጣና ትመስክር።"

አዴ ፋጡማ፣ ንጹህ ናት፣ ውሰዳት ብለው ገመዱን ሰጡኝ። ባጃጁ ሁሉ ክላክስ እያደረገብኝ በጭሮ አስፋልት ፍየል ጎተትኩ። ክፍል እንደገባን ምስክሯ ተማሪውን ቃኘች፣ ወደ ዳይሬክተሩ ተጠጋች፣ ከእጃቸው ማስጠንቀቂያዬን መንጭቃ በላችው። ማኅተሙ ያረፈበትን እንኳ አልተወችም።

ሀናን በልታለች ብላ ፈረደች። ዳይሬክተሩም ሳቃቸው አሸንፏቸው ፈተናው ይደገም፣ ማስጠንቀቂያውም ይቅር አሉ። እኔም የልጅቷን ዜሮ እዚያው ሰረዝኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኳት፣ አፍሬ ነበር።

አሁን ዳኛ ይሾም ወይስ ይመረጥ ብትሉኝ እኔ እንጃ። እስካሁን ያየሁት ለማንም የማያዳላ ዳኛ አንድ ብቻ ነው፤ እሷንም ማንም አልሾማት፣ ማንም አልመረጣት፣ የእኔንም የዳይሬክተሩንም ወረቀት እኩል ነው የበላችው።